ከረሃብ ዘመን እስከ ቅቤ ክምር፡- የሲኮ ማንሾልት የግብርና ፖሊሲ ጉዞ

አንድ መንግሥት አርሶ አደሩን ለማበረታታት ከሚወስዳቸው እርምጃዎች አንዱ ለምርቱ የሚያዋጣ ዋጋ ማረጋገጥ ነው። ዋጋ ሲረጋገጥ ምርት ይጨምራል። ምርት ሲጨምር ግን ገዥው ማን ነው? የተረፈውስ ወዴት ይሄዳል? ትንሽ ማሳ ያለው ገበሬስ ምን ይሆናል? የሚሉ ጥያቄዎች ይከተላሉ። እነዚህን ጥያቄዎች አንድ በአንድ ከተጋፈጡ የዓለማችን ሰዎች መካከል ኔዘርላንዳዊው ሲኮ ማንሾልት ግንባር ቀደም ናቸው። እኚህ ሰው ገበሬ ነበሩ፤ በአገራቸው የግብርና፣ የዓሣ ሀብትና የምግብ አቅርቦት ሚኒስትር ሆነው ከ12 ዓመታት በላይ አገልግለዋል፤ ከዚያም የምዕራብ አውሮፓን የጋራ የግብርና ፖሊሲ ቀርጸው ለ14 ዓመታት መርተዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሕር የነበረ ማሳ

ሲኮ ማንሾልት በ1908 በሰሜን ኔዘርላንድስ በግሮኒንገን ክፍለ ሀገር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ቤተሰቡ በእርሻ የሚተዳደር ቢሆንም የሠራተኛውን መደብ መብት በሚያቀነቅነው የፖለቲካ እንቅስቃሴ ውስጥ ስሙ የታወቀ ነበር። ወጣቱ ሲኮ በዴቬንተር ከተማ የሐሩር አካባቢ ግብርና ተማሩ። ይሁን እንጂ በአገራቸው የራሳቸውን እርሻ የሚጀምሩበት መሬት ማግኘት አልቻሉም። በመሆኑም በ1934 በወቅቱ የኔዘርላንድስ ቅኝ ግዛት ወደነበረችው ወደ ዛሬዋ ኢንዶኔዥያ አቅንተው በጃቫ ደሴት በሻይ እርሻ ላይ ተቀጠሩ። የቅኝ አገዛዙ አሠራር ስላልተስማማቸው ግን ሁለት ዓመት ያህል ሠርተው ተመለሱ።

የእርሻ መሬት ያገኙት በ1937 ነው። መሬቱ ዊሪንገርሜር በሚባል አካባቢ የሚገኝ ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ዓሣ አስጋሪዎች መረባቸውን የሚጥሉበት ባሕር ነበር። የኔዘርላንድስ መንግሥት ባሕሩን በግድብ ከልሎና ውኃውን በፓምፕ አውጥቶ በ1930 ካደረቀው በኋላ መሬቱን ሸንሽኖ ለገበሬዎች አከራየ። ከማንሾልት ተከራይ ጎረቤቶች አብዛኞቹ እንደ እርሳቸው ከሌላ ቦታ መጥተው በአዲስ መሬት ላይ ኑሮ የጀመሩ ነበሩ።

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመን ኔዘርላንድስን ስትይዝ ማንሾልት የተቃውሞውን ትግል ተቀላቀሉ። በእርሻቸው ሰዎችን ይደብቁ፣ ወደ ተራቡት የምዕራብ ከተሞችም ምግብ እንዲደርስ ይሠሩ ነበር። በ1944 መጨረሻና በ1945 መጀመሪያ በነበረው ክረምት በእነዚህ ከተሞች የተከሰተው ረሃብ 20 ሺህ ያህል ሰዎችን ገድሏል። ሕዝቡ የስኳር ቢትና የቱሊፕ አበባ ሥር እየቀቀለ እስከ መብላት ደርሶ ነበር። ጦርነቱ ሊያበቃ ሳምንታት ሲቀሩት፣ በሚያዝያ 1945፣ የጀርመን ወታደሮች ግድቡን በፈንጂ ሲያፈርሱት ዊሪንገርሜር መልሶ በውኃ ተዋጠ። የማንሾልት እርሻም አብሮ ሰጠመ።

የሚያዋጣ ዋጋ፣ ርካሽ ምግብ

ጦርነቱ እንዳበቃ በተመሠረተው መንግሥት ውስጥ ማንሾልት ሚኒስትር ሆነው ሲሾሙ ገና 36 ዓመታቸው ነበር። የተረከቡት ሥራ ከባድ ነው። መሬት በውኃ ተጥለቅልቋል፤ ከብት ተዘርፏል፤ ማዳበሪያ የለም፤ ሕዝቡ የሚመገበው በራሽን ነው። የራሽን ሥርዓቱ ሙሉ በሙሉ የተነሳው በ1952 ሲሆን፣ ከራሽን ነጻ የሆነው የመጨረሻው ሸቀጥ ቡና ነበር።

ሚኒስትሩ ለዋና ዋና ሰብሎችና ለወተት የተረጋገጠ ዋጋ አወጡ። የዋጋው መነሻ በሚገባ የሚመራ እርሻ ምርቱን ለማምረት የሚያወጣው ወጪ ነበር። ይህም ሥራውን የሚያውቅ ገበሬ እንዳይከስር ያደርጋል፤ ብክነት ያለበት እርሻ ግን በዋጋው ብቻ ትርፋማ አይሆንም። በሌላ በኩል የከተማው ሠራተኛ ምግብ በርካሽ እንዲያገኝ ይፈለግ ነበር። ምግብ ርካሽ ሲሆን ደመወዝ ዝቅ ብሎ ይቆያል፤ ደመወዝ ዝቅ ሲል የአገሪቱ ፋብሪካዎች በወጪ ንግድ ይወዳደራሉ።

ማንሾልት ዋጋን ብቻውን አልተዉትም። ምርምር፣ የግብርና ትምህርትና የኤክስቴንሽን አገልግሎት ተቀናጅተው እንዲሠሩ መንግሥት ገንዘብ መደበ። የተበጣጠሱ ማሳዎችን በመለዋወጥ ኩታ ገጠም የማድረግ ሥራም በሰፊው ተካሄደ። የመንደር መንገድና የውኃ ማፋሰሻ ቦይ የተሠራው ከዚሁ ጋር ነው። መሬት ያልደረሳቸው በርካታ የገበሬ ልጆች ደግሞ በመንግሥት ድጋፍ ወደ ካናዳ፣ አውስትራሊያና ኒውዚላንድ ተሰደዱ።

ምርት ባደገ ቁጥር የገበያ ችግር ጎላ። ኔዘርላንድስ ትንሽ አገር ናት፤ ቅቤዋን፣ ቺዟን፣ እንቁላሏንና አትክልቷን ውጭ ካልሸጠች ገበሬዋ አይኖርም። ከጦርነቱ በፊት ትልቅ ገዥዋ የነበረችው ጀርመን ፈራርሳለች። ኢንዶኔዥያም በ1949 ነጻ መውጣቷን ኔዘርላንድስ ተቀብላለች። የምዕራብ አውሮፓ አገሮች በኢንዱስትሪ ዕቃ ላይ የነበረውን የንግድ ገደብ ሲያላሉ፣ በግብርና ምርት ላይ ግን እያንዳንዱ አገር የራሱን ገበሬ ለመጠበቅ በሩን እንደዘጋ ቆየ። ማንሾልት በ1950 የአውሮፓን የግብርና ገበያ የሚመራ አንድ የጋራ ባለሥልጣን እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ። ድርድሩ እስከ 1954 ተጎትቶ ያለ ውጤት ተበተነ።

ስድስት አገሮች በአንድ ገበያ

ዕድሉ ዳግም የመጣው ፈረንሳይ፣ ምዕራብ ጀርመን፣ ጣሊያን፣ ኔዘርላንድስ፣ ቤልጂየምና ሉክሰምበርግ የአውሮፓ ኢኮኖሚ ማኅበረሰብን ሲመሠርቱ ነው። ማንሾልት በ1958 የማኅበረሰቡ ኮሚሽን ምክትል ፕሬዚዳንትና የግብርና ኃላፊ ሆኑ። በዚያው ዓመት የስድስቱን አገሮች ሚኒስትሮችና የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በጣሊያን ስትሬዛ ከተማ ሰብስበው የጋራ ፖሊሲውን መሠረት አስጣሉ።

ዝርዝሩን መስማማት ግን አድካሚ ነበር። አገሮቹ ስምምነቱን እስከ 1961 የመጨረሻ ቀን ለማጠናቀቅ ወስነው ስላልቻሉ የስብሰባውን ሰዓት እንደቆመ ቆጥረው ቀጠሉ፤ የተስማሙትም ጥር 14 ቀን 1962 ነው። አሠራሩ በምሳሌ ሲታይ እንዲህ ነው። በገበያው ውስጥ የአንድ ኩንታል ስንዴ ዋጋ 100 ሆኖ ቢወሰንና ከውጭ የመጣው በ70 ቢደርስ፣ 30ው በድንበር ላይ በቀረጥ ይሞላል። የውስጥ ገበያ ከተወሰነው በታች ከወረደ መንግሥት ገዝቶ መጋዘን ያስገባል። ነጋዴው ወደ ውጭ ሲልክ ደግሞ በውስጥና በዓለም ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት ከጋራ ካዝና ይከፈለዋል።

ቀጣዩ ፈተና ለስድስቱም አገሮች አንድ የእህል ዋጋ መወሰን ነበር። በጀርመን የእህል ዋጋ ከፍተኛ፣ በፈረንሳይ ዝቅተኛ ነው። ከረዥም ክርክር በኋላ በታኅሣሥ 1964 ስምምነት ተደርሶ ከ1967 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። የጸደቀው ዋጋ ለጀርመን ገበሬ ቅናሽ ስለነበር ካሳ ተከፈለው፤ ለፈረንሳይ ገበሬ ግን ጭማሪ ስለሆነ የበለጠ እንዲያመርት አበረታታው።

የዶሮ ሥጋ ያመጣው ቀረጥ

አዲሱ ሥርዓት ከውጭ ንግድ ጋር ወዲያው ተጋጨ። የአሜሪካ አርቢዎች በወቅቱ ርካሽ የዶሮ ሥጋ ለምዕራብ ጀርመን በብዛት ይሸጡ ነበር። በ1962 የጋራ ቀረጡ ሲጣል ሽያጩ ክፉኛ አሽቆለቆለ። አሜሪካም አጸፋውን በ1963 መጨረሻ መለሰች፤ በድንች ስታርች፣ በዴክስትሪን፣ በብራንዲና በቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ወሰነች። ነገሩ የዶሮ ጦርነት የሚል ስም ወጣለት። ከስልሳ ዓመታት በኋላ የዶሮው ክርክር ተረስቷል፤ በጭነት መኪኖች ላይ የተጣለው ቀረጥ ግን አልተነሳም። ለጊዜው ተብሎ የተጣለ የንግድ ገደብ ዕድሜው ምን ያህል ሊረዝም እንደሚችል ይህ ጥሩ ማሳያ ነው።

መጋዘን የሞላው ቅቤ

የምግብ እጥረትን ለማጥፋት የተዘረጋው ፖሊሲ ዓላማውን ከታሰበው በላይ መታ። ገበሬው የቱንም ያህል ቢያመርት ገዥ እንዳለው ስላወቀ ማዳበሪያና መኖ ጨምሮ አመረተ። በ1960ዎቹ መጨረሻ የማኅበረሰቡ መጋዘኖች በማይሸጥ ቅቤ ተሞሉ፤ የማከማቻውና የድጎማው ወጪም ከዓመት ወደ ዓመት አሻቀበ። ከሁሉ በላይ ማንሾልትን ያሳሰባቸው ገንዘቡ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ድጋፉ በኩንታልና በሊትር ስለሚሰላ ብዙ የሚያመርተው ባለ ሰፊ እርሻ ብዙ ያገኛል። አምስት ወይም ስድስት ላም ያለው ገበሬ ግን ዋጋው ቢጨምርም ከድህነት አልወጣም።

ማንሾልት በታኅሣሥ 1968 በስማቸው የሚጠራውን ዕቅድ ይዘው ቀረቡ። ዋጋን እየጨመሩ መሄድ መፍትሔ እንዳልሆነ፣ መለወጥ ያለበት የእርሻው መጠንና አደረጃጀት እንደሆነ ዕቅዱ ያስረዳል። እስከ 1980 ድረስ አምስት ሚሊዮን ሰዎች ከግብርና ወጥተው ወደ ሌላ ሥራ ወይም ወደ ጡረታ እንዲሄዱ፣ አምስት ሚሊዮን ሄክታር መሬትም ከእርሻ ወጥቶ ደንና መናፈሻ እንዲሆን ሐሳብ ያቀርባል። አንድ የእህል እርሻ ከ80 እስከ 120 ሄክታር፣ አንድ የወተት እርሻ ከ40 እስከ 60 ላሞች ቢኖሩት ይመከራል። ለአረጋውያን ጡረታ፣ ለወጣቶች የሙያ ሥልጠና እንዲሰጥም ያካትታል።

በገጠሩ የተሰማው ግን ጡረታውና ሥልጠናው አልነበረም። ገበሬው የሰማው ከመሬትህ ውጣ የሚለውን ነው። ቁጣው ከአገር ወደ አገር ተዛመተ። በየካቲት 1971 የቤልጂየም ገበሬዎች ላሞቻቸውን እየነዱ ሚኒስትሮች ከሚሰበሰቡበት አዳራሽ ገቡ። በመጋቢት 23 ቀን 1971 ደግሞ ከየአገሩ የመጡ እስከ 100 ሺህ የሚደርሱ ገበሬዎች የብራሰልስን ጎዳናዎች አጥለቀለቁ፤ በግጭቱ አንድ ሰው ሞተ፤ ብዙዎች ቆሰሉ። የገበሬውን ኑሮ ለማሻሻል ዕድሜያቸውን የሰጡት ማንሾልት በገበሬው ዘንድ የተጠሉ ሰው ሆኑ። ሚኒስትሮቹ ዕቅዱን አሳንሰው በ1972 ሦስት መመሪያዎችን ብቻ አጸደቁ፤ እነርሱም እርሻን ማዘመን፣ በፈቃድ ከግብርና መውጣትና ለገበሬው ሥልጠናና መረጃ መስጠት ናቸው።

በሥልጣን ዘመናቸው ማብቂያ የዓሣ ሀብት ጉዳይም ተመሳሳይ ትምህርት ሰጠ። ስድስቱ አገሮች በ1970 በወጣ ደንብ የአንዱ አባል አገር ጀልባ በሌላው ውኃ በእኩልነት እንዲያሰግር ወሰኑ። ደንቡ የወጣው ዓሣ በብዛት የሚያመርቱት ኖርዌይ፣ ብሪታንያ፣ ዴንማርክና አየርላንድ ለአባልነት በሚደራደሩበት ወቅት ነው። የባሕር ዳርቻቸውን እንዳያጡ የሰጉት የኖርዌይ አስጋሪዎች አጥብቀው ተቃወሙ፤ የአገሪቱ ሕዝብም በመስከረም 1972 በተካሄደ ሕዝበ ውሳኔ አባልነቱን ውድቅ አደረገ። በዚያን ጊዜ የኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት ራሳቸው ማንሾልት ነበሩ።

የአስተሳሰብ ለውጥ

ማንሾልት በ1972 መጀመሪያ የተፈጥሮ ሀብት ውስንነትን የሚያሳይ ጥናት ከተመለከቱ በኋላ ለኮሚሽኑ ፕሬዚዳንት በጻፉት ደብዳቤ አውሮፓ ዕድገትን ብቻ ከማሳደድ እንድትቆጠብ ጠየቁ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ራሳቸው ፕሬዚዳንት ሆነው እስከ ጥር 1973 አገለገሉ። ጡረታ ከወጡ በኋላ አፈርን የሚያደክምና ውኃን የሚበክል የተጋነነ አመራረትን፣ እንዲሁም ትርፍ ምርትን በድጎማ አርክሶ በድሃ አገሮች ገበያ ማራገፍን ተቃውመዋል። በሰኔ 29 ቀን 1995 በ86 ዓመታቸው አረፉ።

እርሳቸው በ1968 ያነሱት ችግር ዘግይቶም ቢሆን መልስ አግኝቷል። ማኅበረሰቡ በ1984 በወተት ምርት ላይ ኮታ ጣለ፤ በ1992 ደግሞ የእህል ዋጋን ቀንሶ ለገበሬው ቀጥታ ክፍያ መስጠት ጀመረ። የዓለም ንግድ ድርጅት አባል አገሮችም በ2015 ናይሮቢ ላይ የግብርና ወጪ ንግድ ድጎማን ለማስቀረት ተስማሙ።

ብራሰልስ ላይ የሚወሰነው ከኢትዮጵያ ገበሬ የራቀ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1975 የሎሜን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ናት፤ ከ2001 ጀምሮም ምርቶቿ ከጦር መሣሪያ በስተቀር ያለ ቀረጥ ወደ አውሮፓ የሚገቡበት ዕድል አላት። በአንጻሩ በ2023 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቡናን ጨምሮ የተወሰኑ ምርቶች ከታኅሣሥ 2020 በኋላ ደኑ ከተመነጠረ መሬት ያልመጡ መሆናቸው በማስረጃ እንዲረጋገጥ ይጠይቃል። የሚጀመርበት ጊዜ ቢራዘምም፣ የማሳውን መገኛ መመዝገብ በወረዳና በቀበሌ ደረጃ የሚሠራ ሥራ ነው።

ከማንሾልት ሕይወት ለወረዳ አመራርና ለግብርና ባለሙያ የሚተርፈውም እዚህ ላይ ነው። ዋጋ ከመወሰኑ በፊት ገዥው መታወቅ አለበት፤ ድጋፍ በኩንታል ሲሰጥ ብዙ ኩንታል ያለው የበለጠ እንደሚወስድ አስቀድሞ ማስላት ይገባል። የመሬት አጠቃቀምን የሚለውጥ ዕቅድም በቁጥሩ የቱንም ያህል ትክክል ቢሆን፣ ከባለ መሬቱ ጋር ሳይመከርበት ከተነገረ ተቀባይነት አያገኝም። ማንሾልት ይህን የተረዱት ራሳቸው ገበሬ ሆነው ሳለ ነው።