ከዝላይ ወደ ዘብ፦ የኤድስኸር ዳይክስትራ ሕይወትና ሥራ

የኮምፒዩተር ፕሮግራም ጽሕፈት ራሱን የቻለ ሙያ ሆኖ እንዲታይ ከደከሙት ሊቃውንት መካከል ሆላንዳዊው ኤድስኸር ዳይክስትራ በግንባር ቀደምትነት የሚጠቀሱ ናቸው። የተወለዱት በ1930 ዓ.ም. በሮተርዳም ከተማ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ አባታቸው የኬሚስትሪ፣ እናታቸው የሒሳብ ባለሙያ ነበሩ። በላይደን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ በመማር ላይ ሳሉ በ1952 በአምስተርዳም የሒሳብ ማእከል በፕሮግራመርነት ተቀጠሩ። ሙያው ገና ስም አልነበረውምና በ1957 ጋብቻቸውን ሲያስመዘግቡ የከተማው ሹሞች እንዲህ ያለ ሥራ መኖሩን ስላልተቀበሉ በመዝገቡ ላይ የሰፈሩት የፊዚክስ ሰው ተብለው ነው።

ስማቸውን ከሁሉ አስቀድሞ ያስጠራው አጭሩን መንገድ የሚፈልገው ስልት ነው። ይህንንም በ1956 ከእጮኛቸው ጋር ቡና ቤት ተቀምጠው ያለ እርሳስና ወረቀት በሃያ ደቂቃ ያህል አሰቡት፤ ታትሞ የወጣው ግን በ1959 ነበር።

በ1960 ከባልደረባቸው ከያፕ ዞነፌልድ ጋር ሆነው የአልጎል 60ን ኮምፓይለር ሠሩ። በዚህ ቋንቋ አንድ የፕሮግራም ክፍል ሌላውን፣ ራሱንም ጭምር፣ ሊጠራ ይችላል። ዳይክስትራ ለዚህ የተጠቀሙበት ዘዴ ቁልል ነው፤ ኮምፒዩተሩ ወደ ውስጥ በገባ ቁጥር የነበረበትን ሁኔታ ከላይ ይቆልላል፣ ሲወጣም ከላይ እያነሣ ይመለሳል። ስለዚህ ማኅደረ ትውስታው እስካልሞላ ድረስ የጥልቀት ብዛት ኮምፒዩተሩን አያደናግረውም። ፕሮግራሙን የሚያነበው ሰው ግን በአእምሮው ውስጥ እንዲህ ያለ ቁልል የለውም። የዳይክስትራ የኋላ ዘመን ሥራ በአብዛኛው በዚህ ልዩነት ላይ የተመሠረተ ነው ማለት ይቻላል።

በ1962 በአይንድሆቨን የሒሳብ ፕሮፌሰር ሆኑ። በመጋቢት 1968 በአሜሪካ የኮምፒዩተር ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት አጭር ደብዳቤ ጎ ቱ የተባለውን የዝላይ ትእዛዝ ጎጂነት የሚያስረዳ ነበር። እንደ ወረወሩት ድንጋይ የሰላውን ርእስ የሰጠው አዘጋጁ ኒክላውስ ቪርት ነው፤ የጸሐፊው ርእስ ለዘብ ያለ ነበር። ምክንያታቸው የሰው አእምሮ በወረቀት ላይ የተቀመጠውን በቀላሉ ሲከታተል በጊዜ ውስጥ የሚለዋወጠውን ለመከታተል ግን ስለሚደክም፣ ጽሑፉና ሂደቱ በተቻለ መጠን ሊቀራረቡ ይገባል የሚል ነው።

ክልከላው ከምክንያቱ ፈጥኖ ተሰራጨ። ዝላይን በማስወገድ ብቻ ሥራው የተጠናቀቀ የመሰላቸው ብዙዎች፣ ቅድመ ሁኔታን በቅድመ ሁኔታ ውስጥ፣ ያንንም በድግግሞሽ ውስጥ እየከተቱ መስመሮቹ ወደ ገጹ ቀኝ ዳር የሚንሸራተቱ ፕሮግራሞችን ጻፉ። በመጀመሪያው መስመር ለተነሣው ጥያቄ የአሉታው መልስ ከብዙ መስመሮች በታች ይገኛል፤ አንባቢውም እዚያ እስኪደርስ ጥያቄውን ይረሳል። ዳይክስትራ ግን በዚያው ደብዳቤ ዝላይን በዘፈቀደ እየለወጡ ማጥፋት ፕሮግራሙን ይበልጥ ግልጽ እንደማያደርገው አስጠንቅቀው ነበር። ዶናልድ ክኑትም በ1974 ባወጡት ሰፊ ጽሑፍ ዝላይ የሚሻልባቸውን ቦታዎች በምሳሌ አሳይተዋል።

ዳይክስትራ በ1972 የቱሪንግ ሽልማትን ከተቀበሉ በኋላ፣ በ1975 በዘብ የሚጠበቁ ትእዛዞችን አቀረቡ። በዚህ አጻጻፍ እያንዳንዱ ትእዛዝ በፊቱ የሚቆም የራሱ ዘብ፣ ማለትም ሊፈጸም የሚችልበት ቅድመ ሁኔታ አለው፤ ትእዛዞቹም አንዱ በሌላው ሆድ ውስጥ ሳይሆን ጎን ለጎን ይሰለፋሉ። አራት ቁጥሮችን ከትንሹ ወደ ትልቁ ስለመደርደር የሰጡት ምሳሌ ነገሩን ያብራራል። አራት ቁጥሮች በ24 ዓይነት ቅደም ተከተል ሊገኙ ስለሚችሉ፣ ሥራውን በተከታተፉ ቅድመ ሁኔታዎች ብቻ ለመጨረስ የሚሻ ሰው ቢያንስ አምስት ደረጃ ወደ ውስጥ መግባት አለበት። በዳይክስትራ ዘዴ ግን ሦስት ዘቦች ይበቃሉ፦ አንደኛው ከሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከሦስተኛው፣ ወይም ሦስተኛው ከአራተኛው ከበለጠ ሁለቱ ቦታ ይለዋወጣሉ። ሦስቱም ዘቦች ማለፊያ ሲከለክሉ ድግግሞሹ ይቆማል፤ ቁጥሮቹም ተደርድረዋል።

በምርጫ ትእዛዝ ላይ ደግሞ ደንቡ ጠንከር ይላል፤ አንድም ዘብ ካላሳለፈ ፕሮግራሙ ይቋረጣል። በተለመደው አጻጻፍ ያልታሰበው ጉዳይ ሁሉ በመጨረሻው አለበለዚያ ውስጥ ድምፁን አጥፍቶ ሲሾልክ፣ እዚህ ግን የተረሳው ጉዳይ ራሱን ያጋልጣል። ይህ ደንብ በሥራ ላይ በዋሉት ቋንቋዎች ዘንድ እምብዛም አለመወሰዱ የሚያስቆጭ ነው። ዛሬ ብዙ ፕሮግራመሮች የማይሆኑትን ጉዳዮች በመግቢያው ላይ መርምረው ወዲያው በመመለስ ጥልቀትን ይቀንሳሉ፤ ሆኖም በዚህ ልማድ የምርመራው ተራ ዋጋ ሲኖረው፣ በዳይክስትራ ዘቦች መካከል ግን ቀዳሚና ተከታይ የለም።

ከ1973 ጀምሮ ለበሮውዝ ኩባንያ በተመራማሪነት ከሠሩ በኋላ በ1984 ወደ ኦስቲን ተሻግረው በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ እስከ 1999 አስተማሩ። ቁጥር እየሰጡ ለባልደረቦቻቸው የሚያሰራጯቸው ማስታወሻዎች ከ1,300 በላይ ሲሆኑ ብዙዎቹ በቀለም ብዕር የተጻፉ ናቸው። ነሐሴ 6 ቀን 2002 ሆላንድ ውስጥ በኑነን በሚገኘው ቤታቸው ዐረፉ።