የእግዚአብሔርን ቀን የጠበቀች እናት፦ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ኅዳር 17 ቀን የእናታችንን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስን ዕረፍት ታስባለች። ከባሕር ዳር ተነሥቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳርቻ ይዞ የሚጓዝ ምእመን በስሟ የሚጠራውን የቆራጣን ገዳም ያገኛል። ብዙዎቻችን ይህችን ቅድስት የምናውቃት በንጉሥ ፊት ሳትፈራ በመቆሟ ነው። እምብዛም የማይነገርላት ግን መጠበቋ ነው።

የተወለደችው በ1584 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ሰገድና ከክርስቶስ ዕበያ፣ ከመኳንንት ወገን ነው። ለዐፄ ሱስንዮስ ባለሟል ለመልክአ ክርስቶስ ተድራ ሦስት ልጆች ወለደች፤ ሦስቱም በሕፃንነታቸው ዐረፉ። በፀነሰች ጊዜ ሕፃኑ እግዚአብሔርን የሚያስደስት ከሆነ እንዲያድግላት፣ ካልሆነ ግን ፈጥኖ እንዲወስደው ትለምን እንደነበር ገድሏ ይመሰክራል። ይህን ጸሎት ለማንበብ የምትቸገር እናት ብትኖር አይፈረድባትም።

ከዚህ በኋላ ልቧ ወደ ምንኩስና አዘነበለ። ነገር ግን የተመኘችው ቅዱስ ነገር ቢሆንም ቀኑ ገና አልደረሰም ነበር። አንድ ጊዜ ከቤቷ ወጥታ ተሰወረች፤ ባሏ ወታደር አስከትሎ ፈለጋት። በእርሷ ምክንያት በአካባቢው ሕዝብ ላይ የደረሰውን መከራ ባየች ጊዜ የራሷን ምኞት ትታ ተመለሰች። ገድሏን ሳነብ ከብዙው ተአምር ይልቅ የሚያስደንቀኝ ይህ መመለሷ ነው፤ ለድኃው ሕዝብ ስትል የምናኔዋን ጊዜ አዘገየች። በ1609 ዓ.ም. ጳጳሱ አቡነ ስምዖን ሲገደሉ ባሏ ከዘመቻው ሰዎች አንዱ መሆኑን ዐወቀች። ያን ጊዜ ፈጽማ ከእርሱ ተለይታ በ25 ዓመቷ ገደማ መነኰሰች። የመንገዷና የመከራዋ ተካፋይ እኅተ ክርስቶስም አብራት ነበረች።

በ1614 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል እናታችን ዝም አላለችም። በንጉሡ ሸንጎ ቀርባ ከሞት የተረፈችው በቤተ ዘመዶቿ ምልጃ ነው። ወደ ዋልድባ ሄደች፤ ተመልሳም ሌላ ጊዜ ተከሰሰች። የሮማው ፓትርያርክ አልፎንሱ ሜንዴዝ ሊያሳምናት ደክሞ ሳይሳካለት ቀረ። በመጨረሻም ወደ ሱዳን ወሰን፣ ዠበይ ወደሚባለው በረሃ ተሰዳ ሦስት ዓመት ቆየች።

ስደት የተፈረደባት ድምፅዋ እንዳይሰማ ነበር፤ ነገር ግን ወንዶችም ሴቶችም ተከትለዋት ሄዱ፤ ከሰባቱ ማኅበሮቿም የመጀመሪያው የተተከለው በዚያው በረሃ ነው። ዛሬ ሥራ ወይም ትዳር ሲዘገይብን እጃችንን አጣጥፈን መቀመጥን መጠበቅ እንለዋለን። እርሷ ግን ስትጠብቅ ትጾማለች፣ የተሰደዱትን ትሰበስባለች፣ ለተከተሏት ሥርዐት ትሠራለች። ከስደት ስትመለስም ሃይማኖቱ ገና አልተመለሰም ነበር። በሰኔ 1624 ዓ.ም. ዐፄ ሱስንዮስ የአባቶቹ ሃይማኖት ይመለስ ብሎ ዐዋጅ አስነገረ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቀ። ዐሥር ዓመት በታሪክ መጽሐፍ አንድ መስመር ነው፤ በበረሃ ላለፈበት ግን ዐሥር ጊዜ ክረምትና በጋ ነው።

ሰላም ከሆነ በኋላም አላረፈችም፤ በጣና ዙሪያ ማኅበሮቿን እየመራች ስትኖር በ1635 ዓ.ም. ታማ በ50 ዓመቷ ገደማ ዐረፈች፤ በጣና በሬማ መድኃኔ ዓለም ገዳምም ተቀበረች። ማኅበሩን እኅተ ክርስቶስ ተረክባ መራች። ገድሏን ገላውዴዎስ የተባለ መነኵሴ የጻፈው ካረፈች ከ30 ዓመት በኋላ ነው። ዛሬ ምእመናን የሚሳለሙት የቆራጣ ገዳም የተመሠረተውም ከዕረፍቷ በኋላ ስለሆነ እርሷ በሥጋ አላየችውም።

የእናታችን የቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጸሎትና በረከት አይለየን፤ አሜን።