ሬኔ ዳቪድ

ሬኔ ዳቪድ (1906 – 1990 እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊ የንጽጽር ሕግ ሊቅና የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ አርቃቂ ነበሩ። በኢትዮጵያ አንድ ሰው በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ጥፋት ሲጎዳ ካሳ የሚጠይቅበት፣ መሥሪያ ቤቱም የሚከላከልበት ሕግ በአብዛኛው የእሳቸው ሥራ ነው።

ሕይወት

ዳቪድ በፓሪስ ከተማ ተወለዱ። በግሮኖብል፣ በፓሪስና በኤክስ ዩኒቨርሲቲዎች ሕግ አስተምረዋል። በ1964 እ.ኤ.አ. የዓለምን ዋና ዋና የሕግ ሥርዓቶች የሚያነጻጽረው መጽሐፋቸው ታተመ፤ በብዙ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። በ1976 እ.ኤ.አ. የኢራስመስን ሽልማት ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ተጋርተዋል።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. የሕግ አርቃቂ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የፍትሐ ብሔሩ ሥራ ለዳቪድ፣ የወንጀለኛ መቅጫው ለስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ተሰጠ። ዳቪድ ረቂቁን በፈረንሳይኛ ጻፉ፤ ኮሚሽኑ ከመረመረው በኋላ ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ ተተረጎመ። 3,367 አንቀጾች ያሉት ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 165 ታውጆ መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ።

የመንግሥት ኃላፊነት

በፈረንሳይ በ1871 እ.ኤ.አ. አንዲት ልጅ በቦርዶ በመንግሥት የትንባሆ ፋብሪካ ጋሪ ተጎድታ ነበር። በዚህ የብላንኮ ጉዳይ መንግሥት የሚጠየቅበት ሕግ ከተራው የፍትሐ ብሔር ሕግ የተለየ መሆኑ ተወስኖ፣ ክርክሩ ለአስተዳደር ፍርድ ቤቶች ተተወ። ዳቪድ በሥራ ጥፋትና በግል ጥፋት መካከል ያለውን የፈረንሳይ ልዩነት ቢወስዱም፣ ቦታውን ግን በፍትሐ ብሔር ሕጉ ውስጥ አደረጉት። ስለዚህ በኢትዮጵያ መንግሥት በጉዳት ካሳ የሚከሰሰው በመደበኛው ፍርድ ቤት ነው።

በቁጥር 2126 መሠረት የመንግሥት ሠራተኛ በጥፋቱ ያደረሰውን ጉዳት ይክሳል። ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ከሆነ ተጎጂው መንግሥትንም መጠየቅ ይችላል፤ መንግሥት የከፈለውን ከሠራተኛው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። የግል ጥፋት ከሆነ መንግሥት አይጠየቅም። ቁጥር 2127 ሠራተኛው በቅን ልቦና በሥልጣኑ ክልል ውስጥና ለመንግሥት ጥቅም እንደሠራ አምኖ ከሆነ ጥፋቱ የሥራ ጥፋት ነው ይላል፤ ተቃራኒው እስኪረጋገጥም ቅን ልቦና ይገመታል። ቁጥር 2128 ይህንኑ ለአስተዳደር ክፍሎችና የሕግ ሰውነት ላላቸው የሕዝብ አገልግሎት ድርጅቶች ያውላል።

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ ወይም ዐቃቤ ሕግ በመልሱ ሊያነሳቸው የሚችላቸው መቃወሚያዎችም ከዚሁ ሕግ ይመነጫሉ። እነዚህም ጥፋቱ የግል ነው፤ ክሱ በሁለት ዓመት ይርጋ ታግዷል (ቁጥር 2143)፤ ተጎጂው ራሱ በከፊል አጥፍቷል (ቁጥር 2098) የሚሉት ናቸው። በአንጻሩ በተሽከርካሪ ለደረሰ ጉዳት ባለንብረቱ ጥፋት ባይኖርበትም ይጠየቃል (ቁጥር 2081)።

በጋሞ አካባቢ

ሕጉ ሲታወጅ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት መቀመጫ ጨንቻ ነበር፤ ወደ አርባ ምንጭ የተዛወረው ከዚያ በኋላ ነው። በጋሞ ደጋ ሰዎች ሲጎዳዱ ጉዳያቸው ዱቡሻ በሚባለው የአደባባይ ሸንጎ በሽማግሌዎች ፊት ይታይ ነበር፤ ዓላማውም እርቅ ማውረድ ነው። ዳቪድ የኢትዮጵያ ልማዶች ብዙና የተለያዩ ስለሆኑ አንድ ሕግ ሊመሠረትባቸው አይችልም ብለው ያምኑ ነበር፤ ቁጥር 3347 ሕጉ በሚሸፍናቸው ጉዳዮች ላይ የነበረውን ልማዳዊ ሕግ ሻረ። ልማዱ ግን አልጠፋም። በመስከረም 2011 ዓ.ም. በአርባ ምንጭ የጋሞ አባቶች እርጥብ ሣር ይዘውና ተንበርክከው ለበቀል የወጡ ወጣቶችን መልሰዋል። ሕጉም ባለጉዳዮች ክርክራቸውን በስምምነት እንዲጨርሱ በቁጥር 3307 በር ትቷል። ዛሬ በአርባ ምንጭ በከተማ አስተዳደር፣ በሆስፒታል ወይም በዩኒቨርሲቲ ላይ የሚቀርብ የጉዳት ክስ የሚዳኘው በዳቪድ አንቀጾች ነው።

ትችት

ብዙ ጸሐፊዎች ሕጉ ከአገሩ ልማድ ይልቅ ለውጭው ዓለም ቀርቧል ሲሉ ይተቻሉ። ለተጎጂዎች ከሁሉ ይበልጥ የሚሰማው ጉድለት ግን ቁጥር 2116 ነው፤ የሕሊና ጉዳት ካሳ ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል። ይህ ጣሪያ በ1952 ዓ.ም. ትርጉም ያለው ገንዘብ ነበር። ብሩ ዋጋው ከወረደ በኋላ ግን ልጁን ላጣ ወላጅ በዚህ ስም የሚፈረደው ገንዘብ ከምሳሌነት አያልፍም።