አባ ጅፋር፣ የኪስ ገንዘብና ሒሳቡን የሚከፍለው ሰው

ጅማ አካባቢ ያደገ ሰው የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የሚያየው ወይ በትምህርት ቤት ጉብኝት ነው፣ ወይ እንግዳ ሲመጣበት ነው። እኔ ያደግሁት አጋሮ ነው፤ ከጅማ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጅሬን ኮረብታ ላይ ልብ ብዬ የወጣሁት ግን በኢኮኖሚክስ ተመርቄ፣ ሥራ አጥቼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት ነው። አንድ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ ከአዲስ አበባ ሊጠይቀኝ መጣና ይዤው ሄድኩ።

ፎቅ ያለውን የእንጨት ቤት፣ በረንዳውን፣ አጠገቡ ያለውን መስጊድ፣ ከታች የተዘረጋውን ከተማ አየን። ጓደኛዬ ፎቶውን አንስቶ ሲጨርስ፣ ንጉሥ መሆን ማለት ለምንም ነገር ማንንም ብር አለመጠየቅ እንደሆነ ነገረኝ። ሳቅን። ሁለታችንም ብር በመጠየቅ የተካንን ነበርና። ግቢ እያለን ምግቡም መኝታውም ነበረን፤ ለማጣፈጫው ግን የቤተሰብ እጅ እንጠብቅ ነበር። ለካርድ፣ ለማኪያቶ፣ ቅዳሜ ማታ ፈታ ለማለት። ማጣፈጫ የምለው ይሄንን ነው፤ ባይኖር የማንሞትበት፣ ሲጠፋ ግን የሚከፋን ነገር።

ከዚያ ቀን በኋላ ስለ አባ ጅፋር ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። የጓደኛዬ ግምት ልክ እንዳልነበረም ገባኝ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን ሲከፍሉ ነው የኖሩት። እሳቸው ያልከፈሉትን ደግሞ ሌላ ሰው ከፍሎላቸዋል።

ዳግማዊ አባ ጅፋር የተወለዱት በ1861 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። አባታቸው ንጉሥ አባ ጎሞል፣ እናታቸው ጉሚቲ ይባላሉ። አባ ጅፋር የፈረስ ስም ነው፤ በኦሮሞ ልማድ ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። መንግሥቱን በ1830 ገደማ ያቆሙት የመጀመሪያው አባ ጅፋር ስለነበሩ የኛው ሰውዬ ሁለተኛው ሆኑ። በ1878 አባታቸው ሞተው ዙፋኑን ሲረከቡ 17 ዓመት ቢሆናቸው ነው። ዛሬ ቢሆን የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚጠብቁ ልጅ ነበሩ። ቁመታቸው ግን የልጅ አልነበረም፤ ከሁለት ሜትር በላይ ይሆኑ ነበር ይባላል።

የወረሱት አገር ከአምስቱ የጊቤ መንግሥታት አንዱ ነው። ሌሎቹ ሊሙ እናርያ፣ ጎማ፣ ጉማና ጌራ ናቸው። የእኔዋ አጋሮ ያኔ የጎማ ነበረች። ጅማን ከሌሎቹ ለየት ያደረጋት ገበያዋ ነው። ከጅሬን ኮረብታ ሥር ሂርማታ የሚባል ቦታ ላይ ሐሙስ ሐሙስ የሚቆመው ገበያ በደቡብ ምዕራቡ አገር ትልቁ ነበር። ከከፋና ከዳውሮ በኩል የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማ፣ ቡና ይመጣል፤ ከሰሜን የሚወርዱት ነጋዴዎች ጨርቅና ጨው ይዘው ይደርሳሉ። በድንበሩ ላይ ኬላ አለ። የገባውም የወጣውም እዚያ ይታያል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል።

እዚህ ላይ ስለ ዘመኑ ገንዘብ አንድ ነገር ልበል፤ የኢኮኖሚክስ ሰው ስለሆንኩ ማለፍ አቃተኝ። ትልቁ ገንዘብ የማርያ ትሬዛ ጠገራ ብር ነበር። ለትንሽ ግዢ የሚያገለግለው ዝርዝር ደግሞ አሞሌ ጨው ነው። አሞሌው የሚቆረጠው ሩቅ፣ አፋር በረሃ ውስጥ ነው። በበቅሎና በአህያ ጀርባ ወደ ደቡብ በወረደ ቁጥር ዋጋው እየጨመረ ይሄዳል። ጅማ ሲደርስ ውድ ነው። ስለዚህ ተራው ገበሬ እህሉን አምርቶ፣ በርጩማውን ከእንጨት ጠርቦ፣ ማሩን ከቀፎ ቆርጦ ይኖራል እንጂ በእጁ የሚያዘው ዝርዝር ጥቂት ነበር። ቀላል ኑሮ ማለት ለሱ ምርጫ አልነበረም። ዝርዝር ገንዘብ ራሱ ከሩቅ የሚመጣ ማጣፈጫ ነበር፤ ቃል በቃል ወጥ ውስጥ የሚገባ።

ወደ ሰውየው ልመለስ። የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ በ1882 እምባቦ ላይ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ሲያሸንፉ የጊቤ አገር በር ተከፈተላቸው። የ20 ዓመት ገደማው ንጉሥ ሁለት መንገድ ነበራቸው፤ መዋጋት ወይም መገበር። ጠመንጃ ከያዘ ጦር ጋር መግጠም ምን እንደሚያስከትል የገባቸው እናታቸው ጉሚቲ መገበሩ እንደሚሻል መከሯቸው ይባላል። አባ ጅፋር የእናታቸውን ምክር ሰሙ። በየዓመቱ ጠገራ ብር፣ የዝሆን ጥርስ፣ ማር፣ የጅማ ሸማ፣ በብር ያጌጠ ጋሻና ጦር፣ ከእንጨት የተጠረበ በርጩማ ጭምር ወደ ምኒልክ ይላክ ጀመር።

ይህን ውሳኔ ፈሪነት የሚሉት አሉ፤ ብልህነት የሚሉትም አሉ። እኔ እንደ በጀት አየሁት። በበጀት ውስጥ መጀመሪያ የሚወጣው ያ ካልተከፈለ ሌላው ሁሉ የሚፈርስበት ወጪ ነው። ለአባ ጅፋር ያ ወጪ ግብሩ ነበር። በሱ ምትክ ያገኙት ደግሞ ቀላል አይደለም። በዙሪያቸው ባሉት አገሮች የመጣው ጦር መሬቱ ላይ ሲሰፍር፣ ገበሬውም በገባርነት ለወታደር ሲከፋፈል፣ ጅማ ግን በራሷ ንጉሥ፣ በራሷ ዳኛ፣ በራሷ ገበያ ቆየች። ወላይታ ተዋግታ በ1894 ተወረረች፣ ንጉሥዋ ጦና ተማረኩ። ከፋ ወራት የፈጀ ጦርነት ተዋግታ በ1897 ወደቀች፣ ንጉሥዋ ጋኪ ሸሮቾ ታስረው ተወሰዱ፣ ወደ አገራቸውም ሳይመለሱ ሞቱ።

ታዲያ አባ ጅፋር ግብራቸውን ከፍለው የተረፋቸውን ምን አደረጉበት? ቀላል ኑሮ ኖሩ ብዬ አልዋሻችሁም። ጅሬን ላይ የቆመው ቤት ምስክር ነው። እንግዳ የሚያበሉ፣ ስጦታ የሚሰጡ፣ ትልቅ አዳራሽ የሚወዱ ንጉሥ ነበሩ። ግን ከማጣፈጫው ሌላም የወጣ ገንዘብ አለ። ከየአገሩ የመጡ የእስልምና ሊቃውንትን ተቀብለው አስቀመጡ፤ ጅማ በዘመናቸው የታወቀች የትምህርት ቦታ ሆነች። ከጅማ ለሐጅ የሚሄደው ሰው መጠለያ እንዳያጣም መካ ላይ ማረፊያ ቤት አዘጋጅተዋል። ነጋዴው በሰላም እንዲመጣና እንዲሄድ መንገዱንና ገበያውን ያስጠብቁ ነበር። ይሄኛው ደግነት ብቻ አይደለም፤ ገቢያቸው የሚመነጨው ከዚያው ነውና ምንጩን እየጠበቁ ነበር።

እዚህ ላይ ብቆም ኖሮ ጥሩ የፋይናንስ ምክር ይሆን ነበር። መጀመሪያ ግዴታህን ክፈል፣ ቀጥሎ የገቢ ምንጭህን ጠብቅ፣ ከተረፈህ ተዝናና። ችግሩ ታሪኩ እዚያ አይቆምም።

ሂርማታ ላይ ከዝባዱና ከዝሆን ጥርሱ ጎን ሰው ይሸጥ ነበር። ጅማ ከአካባቢው ትልልቅ የባሪያ ገበያዎች አንዷ ነበረች። በጦርነት የተማረኩ፣ ከቤታቸው የተሰረቁ፣ ብዙዎቹ ሕፃናትና ሴቶች፣ እዚያ ተገዝተው ወደ ሰሜንና ወደ ባሕር ይነዱ ነበር። ንጉሡ ራሳቸው ብዙ ባሪያዎች ነበሯቸው። ወደ ምኒልክ ከሚላከው ግብር ውስጥም ሰው ነበረበት። ወላይታና ከፋ ሲወረሩ ደግሞ የጅማ ጦር ከዘማቾቹ ጋር ሆኖ ዘምቷል። የጅማ ሰላም በጅማ ብር ብቻ አልተከፈለም ማለት ነው፤ ጎረቤቱም ከፍሏል። ያቺን በረንዳ በዚህ ዓይን ካያችኋት በኋላ እንደ ድሮው ፎቶ ማንሳት ያስቸግራል።

አባ ጅፋርን ለመውቀስ ብቻ አይደለም ይሄን የማነሣው። በዘመኑ የነበረ ንጉሥ ሁሉ ከዚህ ንግድ እጁ ንጹሕ አልነበረም፤ ኢትዮጵያ በ1923 የመንግሥታቱ ማኅበር አባል ስትሆንም ዋናው መከራከሪያ ይሄው ባርነት ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላ ነገር ነው። ግብሩን ንጉሡ ያውቁታል፤ ተቆጥሮ፣ ተጭኖ፣ በዓመቱ ይሄዳል። ምቾታቸውን የተሸከመው ሰው ግን ሒሳብ ውስጥ አልገባም። ስሙን ዛሬ የሚያውቅ የለም።

የባሪያ ንግዱ እየተዳከመ ሲሄድ የጅማን ገቢ የያዘው ቡና ነው። የጅቡቲው የባቡር ሐዲድ በ1917 አዲስ አበባ ሲደርስ የቡና መንገድ አጠረ። ቡና እየተተከለ፣ በየጫካው ያለውም እየተለቀመ የጅማ አካባቢ ዛሬ የምናውቀው የቡና አገር ሆነ። አባ ጅፋር ያኔ አርጅተው፣ ታመው ነበር። በ1932፣ ከ54 ዓመት ንግሥና በኋላ ሞቱ። የጅማ ራስ ገዝነትም ያበቃው በዚያው ዓመት ነው። የልጅ ልጃቸው አባ ጆቢር የአያቱ ስምምነት የሚቀጥል መስሎት ነበር፤ ግን ማዕከላዊው መንግሥት አሰረውና አገሩን በራሱ ሹም ያስተዳድር ጀመር። ስምምነቱ የተደረገው በሁለት ሰዎች መካከል ነበር፤ ምኒልክ ከሞቱ ደግሞ ቆይተዋል። ከሌላ ሰው እጅ የሚመጣ ነገር ሁሌም ይመጣል ብሎ መጠበቅ እንዲህ ያደርጋል።

ይሄን ሁሉ ያነበብኩት ቤት ተቀምጬ ነው አልኳችሁ። በዚያው ሰሞን አባቴ የቡና ሒሳብ የሚጽፍበትን ደብተር እንዳስተካክልለት ሰጠኝ። አንድ ነገር አስተዋልኩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ ከአንድ ነጋዴ የተቀበለው ቅድሚያ ገንዘብ አለ። የቡና አካባቢ ልጆች ነገሩን ታውቁታላችሁ። የኛ አገር ቡና መቅላት የሚጀምረው ከጥቅምት ወዲህ ነው። ክረምቱን ጨርሶ መስከረም የገባ ገበሬ ኪሱ ባዶ ነው። ነጋዴው ብር ይዞ ይመጣል፣ ዛፉ ላይ ያለውን አረንጓዴ ቡና በራሱ ዋጋ ይገዛል። ለቀማ ሲደርስ ዋጋው ቢጨምር ጭማሪው የነጋዴው ነው። አባቴ ይሄን ጠፍቶት አይደለም። አጠገቡ ምክንያቱን ጽፎታል፤ ለእኔ ኪስ ነበር። ግቢ የምመለሰው መስከረም ላይ ነዋ።

ገንዘቡ ብዙ አልነበረም። የሚያመው እሱ ነው። ለማኪያቶና ለካርድ የሄደች ትንሽ ብር ናት፤ እሱ ግን የዓመት ልፋቱን ከፊሉን በግማሽ ዋጋ ሰጥቶባታል። እኔ በዋጋ ንድፈ ሐሳብ ፈተና ጥሩ ውጤት ሳመጣ የቤቴን ዋጋ አላውቅም ነበር። አንድም ቀን አልጠየቅኩትም፣ እሱም አንድም ቀን አልነገረኝም። በኛ ቤት አባት እንዲህ ያለ ነገር ለልጁ አይናገርም።

ለተማሪው ሁሉ እንደ መነኩሴ ኑሩ ልል አይደለም የመጣሁት። እኔም ማኪያቶ እወዳለሁ፤ ዳታ ሳይኖረኝ ቀኑ አይመሽልኝም። ሰው በዳቦ ብቻ አይኖርም። ግን ቀላል ኑሮን በሌላ መንገድ ማየት ጀምሬያለሁ። ከማጣፈጫው ስንቱን እንደምተው ብቻ አልቆጥርም፤ ለያዝኩት ማን እየከፈለ እንደሆነ እጠይቃለሁ። ከፋዩ እኔ ከሆንኩ ልጠጣው። ሌላ ሰው ከሆነ ቢያንስ ዋጋውን ልወቅ። አባ ጅፋር ለምኒልክ የሚከፍሉትን እስከ ማሩ ገንቦ ያውቁ ነበር። እኔ ግን የአባቴን ግብር ያወቅሁት ከተመረቅሁ በኋላ ነው።

አሁን ከምጽፈው ትንሽ ትንሽ አገኛለሁ። ቋሚ ነገር የለውም፤ አንዳንድ ወር ከዳታ አያልፍም። ባለፈው ነሐሴ ማለቂያ ላይ አባቴ ደወለና እንደ ልማዱ ኪሴ እንዴት እንደሆነ ጠየቀኝ። ደህና ነው አልኩት፤ ሙሉ እውነት ባይሆንም። ነጋዴው መጥቶ እንደሆነም ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና ወሬውን ወደ ዝናቡ አዞረው።

በዚያ ዓመት ቡናችን ሳይሸጥ ዛፉ ላይ ቀላ።