ጋኪ ሸሮቾ፦ የተሸናፊው ታሪክ በማን ይጻፍ?
የታሪክ ሠሪው ሰፊው ሕዝብ መሆኑ የታወቀ ነው። ታሪክ ጸሐፊው ግን ለረዥም ዘመን የአሸናፊው ባለሟል ሆኖ ኖሯል። የከፋው የመጨረሻ ንጉሥ የጋኪ ሸሮቾ ሕይወት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው።

ጋኪ ሸሮቾ እ.ኤ.አ. በ1890 ግድም ሲነግሥ፣ ከፋ በጎጀብ ወንዝ፣ በጥልቅ ቦይና በዘብ በሚጠበቁ በሮች የተከለለች፣ ሚክሬቾ በተባሉ ሰባት አማካሪዎች ምክር የምትመራ ጥንታዊ መንግሥት ነበረች። ከአድዋ ድል በኋላ በነበረው ዓመት፣ በ1897፣ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ወረራት፤ የጅማው አባ ጅፋርም ተባበሩ። አንደኛው ወገን በጠመንጃ፣ ሌላው በአብዛኛው በጦርና በጋሻ ተዋጋ። ንጉሡ ለወራት ከተከላከለ በኋላ በመስከረም ወር ተማረከ። በሰንሰለት ታስሮ ወደ ሸዋ ተወሰደ፤ በ1919 በግዞት ሳለ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተ።

ከንጉሡ መማረክ ይልቅ የከበደው ግን በአራሹ ላይ የወደቀው ቀንበር ነው። አራሹ ለነፍጠኛው ተደልድሎ ገባር ሆነ፤ ብዙዎች በባርነት ተሸጡ፤ አገሩ ተራቆተ። የዚያ ሥርዓት ቅርስ የሆነው ጭሰኝነት በሕግ የተሻረው በየካቲት 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ነው።

ይሁን እንጂ የወደቀውን መንግሥት ገነት አስመስሎ መሳልም ስሕተት ነው። በጋኪ ሸሮቾ ግዛትም ባርነት ነበር፤ በአደን የሚተዳደሩት ማንጆዎች የአገሩን በር እየጠበቁ ከማኅበራዊ ኑሮው ይገለሉ ነበር። ስለዚህ ይህ ታሪክ የሁለት ዘውዶች ጠብ ብቻ ተደርጎ ሊነበብ አይገባም።

ስለ ከፋ በሰፊው ከጻፉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ኦስትሪያዊው ፍሪድሪክ ቢበር ነው። በ1920 እና በ1923 የታተሙት ሁለት ቅጾቹ ጠቃሚ ናቸው፤ ዐይኑ ግን የእንግዳ ዐይን ነው። ህንዳዊው የታሪክ ሊቅ ራናጂት ጉሃ በ1983 ባሳተመው ጥናት፣ በእንግሊዝ ገዥዎች መዝገብ ወንበዴ ተብሎ የሰፈረው ገበሬ የራሱ ዓላማና ንቃት እንደነበረው አሳይቷል። የእኛም ተግባር ይኸው ነው።

እኛ በአድዋ የምንኮራ ሁሉ በቦንጋ የሆነውንም በድፍረት ልንመረምር ይገባል። የጭሰኛውና የማንጆው ልጆች ከአያቶቻቸው የሰሙት ሳይጠፋ በጽሑፍ ይስፈር። ያን ጊዜ የጋኪ ሸሮቾ ታሪክ የሕዝቡም ታሪክ ይሆናል።