ዣን ሰርቬ ስታስ፦ መርዝን ከሕብረ ሕዋስ የነጠለው ኬሚስት

ዣን ሰርቬ ስታስ እ.ኤ.አ. በ1813 በቤልጅየም ሉቨን ከተማ ተወለደ። የተማረው ሕክምና ቢሆንም ዝንባሌው ወደ ኬሚስትሪ ነበር። በፓሪስ ከዣን ባቲስት ዱማ ጋር የካርቦንን የአቶም ክብደት እንደገና ከለካ በኋላ፣ በ1840 በብራስልስ የንጉሣዊው የጦር ትምህርት ቤት የኬሚስትሪ መምህር ሆነ።

በዚያ ዘመን የፍርድ ቤት ኬሚስቶች አርሴኒክን በማርሽ ምርመራ ከአስክሬን መለየት ችለው ነበር። አርሴኒክ ንጥረ ነገር በመሆኑ ሥጋው በአሲድ ተቃጥሎ ቢጠፋም እርሱ ይተርፋል። ከዕፅዋት የሚገኙት አልካሎይዶች ግን ከሥጋው ጋር አብረው ይፈርሳሉ። ስለዚህ በእነርሱ የሚገድል ሰው ያለ ማስረጃ ከፍርድ ሊያመልጥ ይችል ነበር።

በኅዳር 1850 ጉስታቭ ፉኚ የተባለ ሰው በእህቱ ባል በካውንት ቦካርሜ መኖሪያ ሞቶ ሲገኝ፣ የአካል ክፍሎቹ ለምርመራ ወደ ስታስ ተላኩ። በአፉ የታየው ቃጠሎ አሲድን ያስጠረጥር ነበር፤ ስታስ ግን የኮምጣጤው ሽታ ሌላ ነገርን ለመሸፈን የታሰበ መሆኑን ጠረጠረ። ሕብረ ሕዋሱን ቀጥቅጦ አሲድ በተጨመረበት አልኮል ዘፈዘፈው። አልካሎይዱ ጨው ሆኖ በፈሳሹ ሲሟሟ፣ አብዛኛው ፕሮቲንና ስብ ደጋግሞ በማጣራት ተወገደ። ከዚያም ፈሳሹን በአልካሊ ለውጦ ከኢተር ጋር ሲንጠው፣ ከጨውነት የተላቀቀው መርዝ ወደ ኢተሩ ተሻገረ። ኢተሩ ሲተን የቀረው ዘይት መሰል ፈሳሽ ኒኮቲን ነበር። ካውንቱ ከትምባሆ ኒኮቲን ያዘጋጅ እንደነበረም በምርመራ ተደረሰበት፤ በ1851 በሞንስ ከተማ በሞት ተቀጣ።

ዘዴው በ1856 በጀርመናዊው ኬሚስት ፍሪድሪክ ዩልየስ ኦቶ ተሻሽሎ የስታስ-ኦቶ ዘዴ ተባለ። ስታስ ራሱ ቀሪ ዘመኑን በአብዛኛው ለአቶም ክብደት ልኬት አውሎ፣ በ1891 በብራስልስ ዐረፈ።

ኒኮቲን ኋላ በእርሻ ፀረ ተባይ ሆኖ አገልግሏል። ዛሬ በአስክሬን ውስጥ የፀረ ተባይ ቅሪት የሚለካው በክሮማቶግራፊና በማስ ስፔክትሮሜትሪ ነው፤ የሚመረጠው ፈሳሽና አሲድነቱም እንደ ኬሚካሉ ባሕርይ ይለያያል። ይሁን እንጂ መርዙ አስቀድሞ ከጉበቱ ፕሮቲንና ስብ ካልተነጠለ፣ እጅግ ረቂቁ መሣሪያም የሚሰጠው አኃዝ ለዳኛ የሚታመን አይሆንም። የበደለኛው ማምለጥም ሆነ የንጹሑ መቀጣት ዛሬም የሚወሰነው ከልኬቱ በፊት ባለው በዚህ የማጥራት ሥራ ጭምር ነው።