ፍሎረንስ ናይቲንጌል እና የነርሶች ሥልጠና

ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. ሜይ 12 ቀን 1820 ከባለጸጋ እንግሊዛውያን ወላጆች በጣልያን አገር፣ በፍሎረንስ ከተማ ተወለደች፤ ስሟም የከተማዋ ስም ነው። በዘመኑ በሆስፒታል ተቀጥሮ ሕሙማንን ማስታመም የተናቀ ሥራ ስለነበር ቤተሰቧ ምኞቷን አጥብቆ ተቃወመ። እርሷ ግን በ1851 በጀርመን፣ ካይዘርስወርዝ በተባለ ስፍራ ሠለጠነች።

በክሪሚያ ጦርነት፣ በኖቬምበር 1854፣ 38 ነርሶችን አስከትላ በቱርክ ወደሚገኘው የስኩታሪ ወታደራዊ ሆስፒታል ደረሰች። ዝናዋ የተነሣው ከዚያ ነው። ይሁን እንጂ በመጀመሪያው ክረምት የሟቾች ቁጥር አልቀነሰም፤ እንዲያውም ጨመረ። ሞት የቀነሰው በማርች 1855 የመጣው የንጽሕና ኮሚሽን የፍሳሽ ቦዮቹን ካስጠረገና ክፍሎቹን ካናፈሰ በኋላ ነበር። ናይቲንጌል የንጽሕናው ጉድለት ምን ያህል እንደገደለ በሚገባ የተረዳችው ወደ አገሯ ተመልሳ፣ ከስታቲስቲክስ ባለሙያው ዊልያም ፋር ጋር መዝገቦችን ስትመረምር ነው። ያወቀችውንም አልሸሸገችም፤ በሥዕላዊ መግለጫ አዘጋጅታ ለባለሥልጣናት አቀረበች።

ሕዝቡ በስሟ ባዋጣው ገንዘብ ጁላይ 9 ቀን 1860 በለንደኑ ቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ሥልጠናው አንድ ዓመት ነበር። ሠልጣኟ ቁስል ማሸግና ሕመምተኛን ማገላበጥ ብቻ አልነበረም የምትማረው፤ በየወሩ በሚሞላ ቅጽ ሰዓት አክባሪነቷ፣ ታማኝነቷ፣ እርጋታዋና ንጽሕናዋ ይመዘን ነበር። ለእያንዳንዷ የራሷ መኝታ ክፍል ተሰጥቷታል፤ በዘመኑ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ናይቲንጌል ራሷ ግን በሕመም ምክንያት ከቤት ስለማትወጣ ትምህርት ቤቱን ለብዙ ዓመታት የተከታተለችው በሪፖርት ነበር። በ1870ዎቹ መግቢያ ጠጋ ብላ ስትመረምር ከስሙ ታላቅነት በስተጀርባ ያለውን አየች፤ ትምህርቱን እንዲሰጥ ኃላፊነት የተጣለበት ሐኪም ማስተማሩን ትቶት ኖሯል፤ ሠልጣኞቹም እንደ ርካሽ የሥራ ጉልበት ይታዩ ነበር። መምህሩ ተተካ፤ ለሠልጣኞቹ ትምህርትና ኑሮ የምታስብ ኃላፊ ተመደበች። ከ1872 ጀምሮ ናይቲንጌል ለነርሶቹ መልእክት ትጽፍ፣ በየተራ ወደ ቤቷ እየጠራች ታነጋግራቸው፣ ለታመሙትና ለዛሉትም ምግብ ትልክላቸው ጀመር። በእኛ ግምት ከስኩታሪው ፋኖስ ይልቅ የሚደነቀው ይህ ሥራዋ ነው።

የነርስነት ተመራቂዎች በብዙ አገር በስሟ የሚፈጽሙት ቃለ መሐላ የእርሷ ድርሰት አይደለም፤ በ1893 በአሜሪካ፣ በዲትሮይት የተዘጋጀ ነው።

ኦገስት 13 ቀን 1910 በ90 ዓመቷ አረፈች። በዌስትሚንስተር ገዳም እንድትቀበር የቀረበውን ሐሳብ ቤተሰቧ ስላልተቀበለው በኢስት ዌሎ መንደር በቤተሰቧ መቃብር ተቀበረች። በመቃብሯ ላይ የስሟ የመጀመሪያ ፊደላት፣ የተወለደችበትና ያረፈችበት ቀን ብቻ ተጽፏል።